አልቃሿ ይታክቱና የቀፎ አምባ እስረኞች

ተረት ተረት!

— ንገሪን በእውነት!

ኧረ ይሄ ምን ዓይነት የደከመ መልስ ነው! ከሆድ ይውጣ እንጂ። ተረት ተረት!

— ንገሪን በእውነት!

እንዲህ ነው። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከበሩ ራቁ፣ ብርድ ይመታችኋል። የዛሬው ተረት ረዘም ይላል። እንቅልፍ የመጣበት ካለ ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ።

በድሮ ዘመን ጎሽ ሜዳ የሚባል አገር ነበር። አገሩ ለም ነው። ጤፉ ይበቅላል፣ ባቄላው ያፈራል፣ ምንጩ አይነጥፍም። ሰዉ ግን አይስቅም ነበር። ለምን ብትሉ፣ ገዢው ደጃች ሰጥአርጌ ነበርና። ይህ ሰጥአርጌ አገሩን ሰጥ ለጥ አድርጎ ገዛ። በየመንደሩ ጆሮ ጠቢ አኖረ። ጎረቤት ጎረቤቱን ፈራ። ባልና ሚስትም በገዛ ቤታቸው በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ።

ከጎሽ ሜዳ በላይ አንድ አምባ አለ። ዙሪያው ገደል ነው፣ አናቱ ሜዳ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀፎ ይመስላልና ቀፎ አምባ ይሉታል። መንገድ የለውም። ሰው የሚወጣውም የሚወርደውም በጠፍር ገመድ ነው። ደጃች ሰጥአርጌ «ለምን?» ያለውን ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሰደው ነበር። ከሳሽ የለ፣ ዳኛ የለ፣ ዋስ የለ። ወታደሮች በጠዋት ይመጡና ሰውየውን ከእርሻው ላይ ይወስዱታል። በገመድ ጎትተው ያወጡታል። ከዚያም ገመዱን ይጠቀልሉታል። አለቀ።

ይህም አልበቃውምና አዋጅ አስነገረ። ነጋሪት ተጎሰመ፤ አዋጅ ነጋሪውም ገበያ መሃል ቆመና፦

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ወደ ቀፎ አምባ የወጣ ሰው ስሙ አይጠራ። የት ነው ተብሎ አይጠየቅ። አይለቀስለት። ይህን የጣሰ ሰው ገመዱ ለእሱም አይጠፋም!» አለ።

በዚያ አገር ይታክቱ የምትባል አልቃሽ ነበረች። ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ድምጿ ግን ሸለቆ ያሻግራል። የሰውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ታውቃለች። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የተራበ እንዳበላ፣ ማን የተጣላ እንዳስታረቀ፣ ሁሉን በሆዷ ትይዝና ለቅሶ ቤት ስትቆም በሙሾ ታወጣዋለች። ይታክቱ ያላለቀሰችለት ሰው በወጉ የተቀበረ አይመስልም ነበር።

ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅም አልወለደች። ያላት ዘመድ አንድ ወንድሟ ጓንጉል ብቻ ነው። ጓንጉል ገበሬ ነው፣ ሳቂታ ሰው ነው። ታዲያ አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የደጃች ሰጥአርጌ ሰዎች የአገሩን በሬ ሁሉ ለገዢው እርሻ ነዱት። አገሩ ተሰበሰበ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ጓንጉል ተነሣና፦

«ጌቶቼ፣ የእኛ መሬት በምን ይታረስ? ልጆቻችንስ ምን ይብሉ?» አለ።

ይኸው ነው ያለው። ሌላ ነገር አልጨመረም። በማግሥቱ መጥተው ወሰዱት።

ይታክቱም አራት ዓመት ዝም አለች። በሰው ሬሳ ላይ እየጮኸች፣ የወንድሟን ስም ግን በጥርሷ ነክሳ ያዘችው። ፈራች። ፈራች ብዬ ስነግራችሁ አትፍረዱባት። ሁሉም ፈርቶ ነበር።

ከዚያም አንድ ቀን አባ ገረመው የሚባሉ ሽማግሌ ሞቱ። ልጃቸው ቢያድግልኝ ቀፎ አምባ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ዳስ ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ አገሩ ተሰበሰበ። ይታክቱም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ወደ ዳሱ ልትገባ ስትል የሟቹ ሚስት እማማ ደብሪቱ እጇን ያዟት።

«ልጄ» አሏት፣ «እሱ ለልጁ ሲል ዓይኑን ሳይከድን ነው የሞተው። እስከ መጨረሻው በሩን ያይ ነበር። እባክሽ የልጁን ስም ጥሪለት።»

«እማማ፣ አዋጁን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ግን እኔ ምን ልሁን? ባሌ ሞተ፣ አለቀስኩ፣ ወጣልኝ። ልጄስ? ሞቷል ብዬ ላልቅስ ወይስ ይመጣል ብዬ ልጠብቅ? ምሳውን ላስቀምጥ ወይስ ተዝካሩን ልደግስ? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም?»

ይህ ቃል በይታክቱ ልብ ጓንጉልን ቀሰቀሰባት። አራት ዓመት ሙሉ እሷም እንዲሁ አልነበረችም? አልቅሳ አልወጣላት፣ ጠብቃ አልመጣላት።

ወደ ዳሱ ገባች። ከጥግ ሁለት ጆሮ ጠቢዎች ተቀምጠው ንፍሮ ያፍሳሉ። አየቻቸው። እነሱም አዩዋት። ይታክቱ ደረቷን መታችና አወጣችው፦

«ሬሳ ወጣ ዛሬ ልጅ ሳይሸከምለት፣
ቢያድግልኝን ማነው መንገድ የዘጋበት?»

የአንዱ ጆሮ ጠቢ አፍ ንፍሮ እንደያዘ ቀረ። ከዚያም ከኋላ አንዲት ሴት ደረቷን መታች። ሁለተኛዋም መታች። ከዚያ በኋላ ማን መጀመሪያ እንደጮኸ አይታወቅም፤ ዳሱ ሁሉ እሪ አለ። የአባ ገረመውን ብቻ መስሏችሁ? ሁሉም የየራሱን አለቀሰ እንጂ። እማማ ደብሪቱ ግን አላለቀሱም። ቀጥ ብለው ቆመው የልጃቸው ስም በሰው አፍ ሲጠራ ይሰሙ ነበር።

በማግሥቱ ይታክቱን ወታደሮች ወሰዷትና ከገዢው አዛዥ ፊት አቆሟት። አዛዡ አዛዥ ቢተው ይባላል፤ የደጃች ሰጥአርጌ ቀኝ እጅ ነው።

«አንቺ ሴት» አላት፣ «ለሞተው ብታለቅሺ ማን ከለከለሽ? ላልሞተ ሰው ማን ሙሾ አውርጂ አለሽ?»

ይታክቱም፦ «ጌታዬ፣ ቢያድግልኝ አለመሞቱን ከነገሩኝማ ተመስገን። ለእናቱ እነግራቸዋለሁ። ታዲያ እንደምን ነው? ይበላል? ጤናውስ?»

ዙሪያውን የቆሙት ወታደሮች አንገታቸውን ሰበሩ፤ አንደኛው ሳቁን በሳል ደበቀ። አዛዡም ተቆጣና፦ «ከዛሬ ጀምሮ ለቅሶ ቤት አትቆሚም! አፍሽ ሙሾ ሲያወጣ ከተሰማ አምባ ትወጫለሽ!» ብሎ አባረራት።

ለምን ያን ጊዜውኑ አላሰራትም ትሉ ይሆናል። አገሩ ሁሉ ያውቃት ነበርና ነው። እሷን ማሰር ለቅሶን ሁሉ ማሰር ነው። አዛዡ ደግሞ ብልጥ ሰው ነው፤ አፏን ከዘጋሁ ይበቃል አለ።

አልተዘጋም። ይታክቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ አንዲት ሴት ቀረበቻትና በጆሮዋ «ባሌ አበጀ ይባላል፤ ሦስት ዓመቱ» አለቻት። ወፍጮ ቤት ስትገባ ሌላዋ «ወንድሜ ይርዳው» አለቻት። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንድ ሽማግሌ በትሩን ተደግፎ፣ ቀና ሳይል፣ «ሁለት ልጆቼ» ብሎ ስማቸውን ነገራት። ሰዉ እንዲያ እየመጣ የወገኑን ስም ያስቀምጥባት ጀመር። እሷም ጥጧን እየፈተለች ስሞቹን ታነበንባለች፤ ከነአባታቸው፣ ከነመንደራቸው፣ የተወሰዱበትን ወር ጨምራ። የጓንጉል ሲጨመር አርባ አንድ ሆኑ።

ያን ጊዜ እንዲህ ብላ አሰበች። እዚህ ስማቸውን ብጠራ እኔም እወጣለሁ፣ ስሞቹም ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ስለዚህ ስሞቹን ይዤ ልሻገር አለች። ድርቆሽ ቋጠረች፣ ቅሏን ያዘች፣ በጋው ወንዙን አጉድሎታልና እስከ ጉልበቷ ተነክራ ተሻገረች።

ከወንዙ ማዶ ወይራ ገበያ የሚባል ሰፊ ገበያ አለ። የዚያ አገር ገዢ ፊታውራሪ እንግዳሸት ነው። ይታክቱ በገበያ ቀን መሃል ቆመችና በዚያ በድምጿ፦

«አቤት! የሰው ያለህ! አቤት!» አለች።

ገበያው ቀጥ አለ። ነገሯን ተናገረች። አምባውን ተናገረች፣ አዋጁን ተናገረች። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠና ወደ ሸቀጡ ተመለሰ። አንዱ ነጋዴ «ሰላይ ናት፣ አትስሟት» ብሎ ጮኸ። አባ ዘለለው የሚባሉ ሽማኔ ጋቢያቸውን ዘርግተው ይሸጡ ነበርና፦

«ሴትዮ፣ በእግዜር!» አሏት። «የሰጥአርጌ ነገር እኛን ምን አገባን? ወንዝ ይለየናል። ገዢያችን ሌላ፣ ግብራችን ሌላ።»

«አባቴ፣ ተዋጉልኝ አላልኩም። እናንተ አገር ሰላምታ አለ አይደል?»

«ሰላምታማ ሞልቶ!»

«እንግዲያው ሰላምታችሁን ስጡኝ። የሰጥአርጌን ባለሟል ስታገኙ ደህና ነህ ወይ፣ ሚስት ደህና ናት ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ ማለታችሁ አይቀርም። እዚያው ላይ አንድ ስም ብቻ ጨምሩልኝ። እገሌስ እንደምን ነው፣ ከአምባ ወረደ ወይ በሉልኝ። እኛ መጠየቅ ተከልክለናል። እናንተን ማን ይከለክላችኋል?»

አባ ዘለለው ጢማቸውን አሻሹ። ወደ ጋቢያቸው አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። ከዚያም፦ «እስቲ አንድ ስጪኝ» አሉ። «ቀላሉን ስጪኝ ታዲያ፤ ጭንቅላቴ እንደ ድሮው አይደለም።»

«ቢያድግልኝ ገረመው።»

«ቢያድግልኝ ገረመው። እሺ። እናት አለው?»

«አሉት። ምሳውን ላስቀምጥ ወይስ ልተወው ይላሉ።»

«እሱን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሉ አባ ዘለለው፤ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

በዚያን ቀን ስምንት ሰው ዘጠኝ ስም ወሰደ። ሽንኩርት ሻጯ ወሰደች፣ ሸክላ ሠሪዋ ወሰደች፣ አንጥረኛው ሁለት ወሰደ። በሚቀጥለው ገበያ ሌሎች መጡ። ይታክቱ ከነዳያኑ ጋር በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እያደረች፣ ከገበያ ገበያ እየዞረች፣ አርባ አንዱን ስም አደለች። እግሯ ተሰነጠቀ። ድርቆሿ አልቆ የሰው ቤት ጠላና ቆሎ ያኖራት ጀመር። አልተመለሰችም።

አሁን ደግሞ የሰጥአርጌን ጉድ ስሙ። ደጃች ሰጥአርጌ ልጁን ለፊታውራሪ እንግዳሸት ልጅ ሊድር ነበር። ለሠርጉ ፈረስ እንዲገዛ አዛዥ ቢተውን ወደ ወይራ ገበያ ላከው። አዛዡ በበቅሎ ተቀምጦ፣ አጃቢ አስከትሎ ደረሰ። ፈረስ ሻጩም እጅ ነሣና፦

«እንደምን ሰነበቱ ጌታዬ? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? ይርዳውስ እንደምን ነው? ከአምባ ወረደ?» አለው።

አዛዥ ቢተው ደነገጠና ሌላ ፈረስ ሻጭ ጋ ሄደ። ያም፦ «ደህና ከረሙ ወይ ጌታዬ? አበጀስ ጤናው ተሻለው?»

ልጓም ሊገዛ ወደ ፋቂው ሄደ። ፋቂውም ጠየቀው። ጠላ ሊጠጣ ጎራ አለ። ጠላ ሻጯ በዋንጫ እየቀዳች በፈገግታ፦ «የቢያድግልኝ እናት ምሳ ያስቀምጡ ወይስ ይተዉ? ሰው ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚጠይቀኝ» አለችው። ጠላውን ሳይጠጣ ወጣ። ሰላምታ ነውና ማንን ይክሰስ? «እንደምን ነው አሉኝ» ብሎ ማን ዳኛ ፊት ይቁም? ፈረስ ሳይገዛ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

ነገሩም ፊታውራሪ እንግዳሸት ቤት ገባ። ሚስቱ ሰምታ ኖሮ፦ «ሰው እየገባ ከማይወጣበት ቤት ጋር አልጋባም» ብላ ለሠርጉ የተፈተለውን ጥጥ ሁሉ መልሳ ሰቀለችው። ፊታውራሪውም ለደጃች ሰጥአርጌ መልእክት ላከ፦ «አማች ልሆንህ ነውና ቤትህን ልወቅ። በቀፎ አምባ ያሉት ሰዎች ጥፋታቸው ምንድነው? ማን ከሰሳቸው? ማንስ ፈረደባቸው?»

ደጃች ሰጥአርጌ ይህን ሲሰማ ብርሌውን ወርውሮ ሰበረ። «ይህችን አልቃሽ ምን ትፈልጊያለሽ በላት!» አለ። አዛዥ ቢተውም ይታክቱን ፈልጎ ከአባ ዘለለው ደጃፍ አገኛት። ሽማኔው ከሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ይሠራሉ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ልቃቂት ትጠቀልላለች። አዛዡም በለሰለሰ አንደበት፦

«እመት ይታክቱ፣ ደጃች ምሕረት አድርገውልሻል። ወንድምሽን ጓንጉልን ይለቁልሻል። ነይ ውሰጂው። አንቺም ከእንግዲህ ይህን ጩኸት ተይ።»

የይታክቱ ልቃቂት ከእጇ ወደቀ። ጓንጉል ሲስቅ ታያት። አራት ዓመት ስሙን በጥርሷ ነክሳ የያዘችው ወንድሟ፣ ከዚያ ከገመዱ ጫፍ ወርዶ «እትዬ» ሲላት ታያት። እሺ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። እናንተ ብትሆኑስ?

— እሺ እል ነበር!

አዎ፣ አንተ ትላለህ፤ እኔም እል ነበር መሰለኝ። ይታክቱ ግን አዛዡን አየችውና፦

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከጓንጉል አፍ አንድ ቃል ያምጡልኝ። ልጅ ሆነን እናታችን በምን ስም ትጠራው እንደነበር ይንገርዎት። እሱን ይዘው ይምጡ።»

አዛዥ ቢተው ዓይኑን ወደ በቅሎው አዞረ። «ያ… አምባው ሩቅ ነው። ለአንድ ቃል ብሎ ማን ይወጣል?»

«እሱን ለማውረድ የሚወጣው ሰው ይጠይቀዋላ!»

ይታክቱም የዓይኑን ሽሽት አየችው። ስንት ዓመት በሬሳ አጠገብ የቆመች ሴት ናት፤ ሰው ሞት ሲደብቅ ፊቱ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ግን ቀና ብላ፦

«ለጌታዎ ይንገሩልኝ» አለች። «እናትና ሚስት አርባ ስም በእኔ ላይ አስቀምጠዋል። የእኔን ወስጄ የእነሱን አልጥልም። ሁሉም ይውረዱ። ያጠፋ ካለ ከሳሽ ቆሞ፣ ዳኛ ተቀምጦ፣ እኛ እየሰማን ይፈረድበት። ወደ አገሬም እመለሳለሁ፤ ሲመሽ ተሸሽጌ አይደለም። በቀትር እመጣለሁ ብላለች ይበሉ።»

አዛዡ በበቅሎው ሲርቅ አባ ዘለለው ከጉድጓዳቸው ወጡና ነጭ ጋቢ ተከናነቡ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ለቢያድግልኝ ስንት ወር ሰላምታ ልኬ ሳላየው ልቅር?»

እነሆ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት ይታክቱ ወንዙን ተሻገረች። ከኋላዋ የወይራ ገበያ ሰው ይከተላል። ፊታውራሪ እንግዳሸትም «ያያችሁትን መስክሩልኝ» ብሎ ሰባት ሽማግሌዎች ልኳል። ወሬው ቀድሟት ነበርና ከወዲህ ማዶ የጎሽ ሜዳ ሰው ወጥቶ ይጠብቃል። በመሃል ግን የሰጥአርጌ ወታደሮች ጦራቸውን አግድመው ቆመዋል። አለቃቸው ሻለቃ አሰጌ ወደፊት ወጣና ሊይዛት እጁን ዘረጋ።

ይታክቱም፦ «በሕግ አምላክ!» አለች።

የሻለቃው እጅ አየር ላይ ቀረ። ይህ ቃል ከአባቶቹ የወረሰው ነው፤ የሮጠ ይቆምበታል፣ የተነሣ ዱላ ይወርድበታል። «ትእዛዝ አለብኝ» አለ በቀስታ።

«ማን ከሶኝ ነው የምትይዘኝ? ከሳሼን ጥራልኝና እጄን እሰጥሃለሁ።»

ሻለቃው ዞሮ ወታደሮቹን አየ። ከመካከላቸው አንዱ ጦሩን መሬት ላይ አስቀመጠ። «የእናቴ ወንድም እላይ ነው» አለ። «ስሙን ከጠራሁት ቆየሁ።» ሁለተኛውም አስቀመጠ። ሻለቃ አሰጌ የዘረጋውን እጁን መለሰ። ከዚያም ከመንገዱ ዘወር አለ።

ሕዝቡ ከቀፎ አምባ ሥር ደረሰ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ገደሉ ወደ ላይ ተቆልሏል፣ አሞሮች ይዞሩበታል። ይታክቱም ወደ ሰዎቹ ዞረችና፦ «እስከ ዛሬ እኔ ጠራሁላችሁ። ዛሬ የየራሳችሁን ጥሩ» አለች።

ሁሉም ተያየ። የመጀመሪያውን ማን ይጥራ? እማማ ደብሪቱ ወደፊት ወጡ። እጃቸውን በአፋቸው ዙሪያ አደረጉና፦

«ቢያድግልኝ! ቢያድግልኝ ገረመው!»

ገደሉ ድምፁን መለሰው። ከዚያም ከላይ፣ ከሰማይ የመጣ እስኪመስል፣ ቀጭን ድምፅ፦

«አለሁ! እማዬ፣ አለሁ!»

እማማ ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀመጡ። አባ ዘለለው ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡላቸው።

«አበጀ!» — «አለሁ!»

«ይርዳው!» — «አለሁ!»

ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። አንዱ ስም ይጠራል፣ ከላይ አንዱ ይመልሳል። ግን ሁሉም አልመለሱም። ያ በትሩን የተደገፈው ሽማግሌ ሁለቱን ልጆቹን ጠራ፤ አንዱ መለሰ፣ አንዱ አልመለሰም። ደግሞ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ሰዎች ይዘው አስቀመጡት። ሠላሳ ሦስቱ መለሱ። ሰባቱ ዝም አሉ።

የቀረው አንድ ስም ነው። ይታክቱ ቆመች። ከዚያም፦

«ጓንጉል!» አለች። «ጓንጉል፣ የእናቴ ልጅ!»

መልስ የለም። ነፋስ ብቻ። ከዚያ የቢያድግልኝ ድምፅ ከላይ መጣ፦

«እመት ይታክቱ! ጓንጉል አራተኛውን ክረምት አላለፈውም። ብርድ ልብሱን ለሕመምተኛ ሰጥቶ ነው ያረፈው፣ በእጄ ላይ። እኛ ቀብረነዋል!»

ይታክቱም አንድ ጊዜ ብቻ «የሞተውን ሰው ሊመልሱልኝ ነበራ!» አለች። ከዚያ ድምጿ ተዘጋ። በአገሩ ሁሉ ሬሳ ላይ ስትጮኽ የኖረች ሴት፣ ለእናቷ ልጅ የምትለው አጣች። አፏን ትከፍታለች፣ ምንም አይወጣም። ያን ጊዜ ያቺ በምንጩ ዳር በጆሮዋ ሹክ ያለቻት የአበጀ ሚስት ነጠላዋን አዘቀዘቀችና፣ አልቃሽ ያልነበረች ሴት፣ ደረቷን መታች፦

«ጓንጉል ብለን ጠራን፣ መልስ አጣን ከላይ፣
እኛም እህቶቹ ነን፣ አንቺ ብቻ ነሽ ወይ?»

ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ያ የተከለከለው ለቅሶ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዢው አምባ ሥር ተለቀሰ። ሻለቃ አሰጌም ራቁቱን እንደቆመ ሰው አፈረና ወደ ላይ ጮኸ፦ «ገመዱን ልቀቁ!»

ከላይ ያለው ዘብ አመነታ። «በማን ትእዛዝ?»

«በእኔ! ልቀቅ!»

ገመዱ ወረደ። ከቀትር እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሠላሳ ሦስት ሰው አንድ በአንድ ወረደ። ጺማቸው ደረታቸውን የሞላ፣ ልብሳቸው ያለቀ፣ ብርሃን ያልለመዱ የሚመስሉ ሰዎች። በመጨረሻም የስምንቱ አፅም በሰሌን ተጠቅልሎ ወረደ። ሜዳው ላይ ትልቅ ዳስ ተጣለ።

በሠልስቱ ዕለት ደጃች ሰጥአርጌ ራሱ መጣ። ወታደሩ ተከፍሎበታል፣ ሠርጉ ፈርሷል፣ የወይራ ገበያ ሽማግሌዎችም አልሄድ ብለው ተቀምጠውበታል። እሱም ነገሩን በዕርቅ ልቋጨው ብሎ ሰንጋ አስነድቶ፣ ጥቁር ለብሶ መጣ። ሰባቱ ሽማግሌዎችም ወደ ይታክቱ ቀረቡና፦

«ልጃችን፣ ደጃች ካሣ ይዘው መጥተዋል። አንቺም ለአገር ሰላም ስትይ ጉልበታቸውን ሳሚ። ይቅር ተባባሉ» አሏት።

ይታክቱ ሦስት ቀን ቃል አልተናገረችም ነበር። ደጃች ሰጥአርጌ ዳሱ ውስጥ ገብቶ በክብር ቦታው፣ ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል አየችው። ያን ጊዜ ድምጿ ተመለሰ።

«እንዳትቀመጥ!» አለች።

ሰጥአርጌን በዕድሜው «አንተ» ያለው ሰው አልነበረም።

«ለቀስተኛ አይደለህም» አለች ይታክቱ። «በዚህ ዳስ ለቀስተኛ ይቀመጣል። አንተ ከሳሽ አለህ። እኔ ይታክቱ፣ የጓንጉል እህት፣ እከስሃለሁ። እማማ ደብሪቱ ይከሱሃል። ሠላሳ ሦስቱ ይከሱሃል፤ ስለ ስምንቱም እኛ እንናገራለን። ሰንጋህን ውሰድ፣ አልበላውም። ሽማግሌዎቹ እዚያ ይቀመጡና ዳኛ ይሁኑ። አንተም የመሰለህን ተናገር፣ ማንም አፍህን አይዘጋም። እኛ ያላገኘነውን ታገኛለህ። የተከሰሰ ሰው ግን ቆሞ ነው የሚሟገት። ስለዚህ ቁም!»

ደጃች ሰጥአርጌ ወደ ሻለቃ አሰጌ አየ። ሻለቃው መሬት መሬት ያያል። ወደ አዛዥ ቢተው አየ። አዛዡ ከበቅሎው አጠገብ ሆኖ ልጓም ያስተካክላል። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አባ ዘለለው ሄደው ለዳኞች የሚሆን ምንጣፍ አነጠፉ። አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ሰጥአርጌም ጎንበስ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ከዚያም ቀስ ብሎ ወገቡን አቀና፣ የጥቁር ካባውን ጫፍ ሰበሰበ፣ በሕዝቡ መሃል ቆመ።

ክርክሩም ተጀመረ።

በሉ እንግዲህ እኔ እዚህ ላይ ዝም ልበል፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ተረቴን ላልሰማው አድርሱ፣ የእኔንም አፍ በትኩስ ቂጣ አብሱ። ቅቤውን ደግሞ እንዳትሰስቱ!